ቤቱን የሚያሳየው ኤጀንት የማን ወኪል ነው? ግልጽ ደብዳቤ ለዋሽንግተን ዲሲ የሪል ስቴት ኮሚሽን

ለተከበራችሁ የኮሚሽኑ አባላት፣

በዲሲና በአካባቢው በቤት ሽያጭና ግዢ ሥራ የተሰማራን አማርኛ ተናጋሪ ኤጀንቶች ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ገዢ ስለ ዋጋ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያነጋግረው ኤጀንት ለማን እንደሚሠራ በሚገባው ቋንቋ ይወቅ።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ኦፕን ሃውስ ላይ፣ ማለትም የሚሸጥ ቤት ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ነው። በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው፣ ስምና ስልክ የሚያስመዘግበው ሰው በአብዛኛው የሻጩ ኤጀንት ወይም የእሱ ባልደረባ ነው። ባልና ሚስት ጓዳውን አይተው ሲወጡ «በ590 ሺህ እንጀምር፣ ካልሆነ እስከ 620 እንሄዳለን» ቢሉት፣ ይህን ለሻጩ ሲነግር ግዴታውን ተወጣ እንጂ ምስጢር አላወጣም። «የኪራይ ውላችን በወሩ መጨረሻ ያልቃል» ማለትም ያው ነው፤ ሻጩ ገዢዎቹ ጊዜ እንደሌላቸው ካወቀ ከዋጋው ንቅንቅ አይልም። ኤጀንቱ አማርኛ የሚናገር ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የአገር ልጅ ነው ተብሎ የሆድ ሁሉ ይወራለታል፤ እሱ ግን የፈረመው ከሻጩ ጋር ነው። ድረ ገጽ ላይ «ቤቱን ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ መልእክት ለሚልክ ሰውም መልሶ የሚደውለው ቤቱን አይቶት የማያውቅ፣ የገዢዎችን ስልክ ለማግኘት ለድረ ገጹ የከፈለ ሌላ ኤጀንት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን አንድ ኤጀንት ሻጭንም ገዢንም ሲወክል ነው። የዲሲ ሕግ ሁሉም ወገኖች በጽሑፍ ከተስማሙ ይፈቅደዋል። በተግባር ግን ደንበኛው ምን እንዳጣ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ለሁለቱም የቆመ ኤጀንት ለገዢው «ይህ ቤት ተወዷል» ማለት አይችልም፤ ለሻጩም «ትንሽ ጠብቅ፣ የተሻለ ይመጣል» ሊለው አይችልም። ወረቀት ያመላልሳል፣ ቀጠሮ ያስይዛል፤ ገዢው ኤጀንት የያዘበት ዋናው ነገር፣ የዋጋ ምክሩ፣ ግን ይቀራል። ክፍያው ሲቀንስ ብዙም አይታይም። ከዲሲ ጋር በምትዋሰነው የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህ አይሆንም፤ የሜሪላንድ ሕግ ያው አንድ ኤጀንት ሁለቱንም እንዲወክል አይፈቅድም፤ ሁለቱም የአንድ ድርጅት ደንበኞች ከሆኑ ብሮከሩ፣ ማለትም የድርጅቱን ኤጀንቶች የሚቆጣጠረው ኃላፊ፣ ለየብቻ ኤጀንት ይመድብላቸዋል። ዲሲም ይህን እንዲከተል እንጠይቃለን። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ስምምነቱ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ አይፈረም፤ የሚገዛው ቤት ከታወቀ በኋላ ለብቻው ይቅረብ፣ ለማሰቢያም ቢያንስ አንድ ቀን ይሰጥ።

ሁለት ኤጀንቶች ከአንድ ድርጅት ሲሆኑም ነገሩ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። የሚቆጣጠራቸው ብሮከር አንድ ነው፤ የኮምፒውተር ፋይሉም የጋራ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ «የእኔን ፋይል ማን ማን ይከፍተዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ድርጅቱም መልሱን በጽሑፍ ይስጠው።

የገዢ ውልን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የሪል ስቴት ኤጀንቶች ማኅበር የሆነው የብሔራዊ ሪልተሮች ማኅበር የፍርድ ቤት ስምምነት ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን የሚመዘግቡበትን የጋራ የሊስቲንግ መረጃ ቋት የሚጠቀም ኤጀንት ቤት ከማስጎብኘቱ በፊት ገዢውን በጽሑፍ ውል ማስፈረም አለበት። ክፍያው ቁርጡ የታወቀ መሆን ይገባዋል፤ በድርድር የሚወሰን መሆኑም ውሉ ላይ ይጻፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሁን የምናየው ግን ገዢው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በስልኩ፣ በጣቱ የስድስት ወር ውል ሲፈርም ነው። 2.5 በመቶ ለመክፈል ፈርሞ 600,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ቢገዛ የኤጀንቱ ድርሻ 15,000 ዶላር ነው፤ ሻጩ 2 በመቶ ብቻ ልክፈል ካለ ቀሪው 3,000 ከገዢው ኪስ ይወጣል። ይህ ገንዘብ ከቅድሚያ ክፍያውና ከክሎዚንግ (ግዢው ሲጠናቀቅ ከሚከፈለው) ወጪ ላይ ተደርቦ የሚመጣ ነው፤ ብዙዎች ግን ኤጀንት ለገዢ በነጻ ነው የሚል የድሮ ወሬ ይዘው ይመጣሉ።

ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ውል መፈረም እንደሚቻል የሚነገረው ሰው ጥቂት ነው። ውሉ ካበቃ በኋላም ኤጀንቱ ያሳየውን ቤት ገዢው ቢገዛ እንዲከፍል የሚያስገድደውን አንቀጽ የሚያነብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሉ ከድርጅቱ ጋር እንጂ ከግለሰቡ ጋር አለመሆኑም መነገር አለበት፤ ኤጀንቱ ወደ ሌላ ድርጅት ቢዛወር ውሉ እዚያው ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ አማርኛም በዚህ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የግል የሪል ስቴት ድርጅትን ግን አያስገድድም። ስለዚህ አንድ ሰው ከመንግሥት ቢሮ በአማርኛ መስተናገድ እየቻለ፣ በሕይወቱ ትልቁን ዕዳ የሚገባበትን ወረቀት በእንግሊዝኛ ይፈርማል። ልጁ ወይም ራሱ ኤጀንቱ ያስተረጉምለታል። ኤጀንቱ የራሱን ክፍያ ሲያስተረጉም ታዛቢ የለም።

የምንጠይቀው ኮሚሽኑ የውክልና ማሳወቂያውን በአማርኛ አዘጋጅቶ፣ ደንበኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ተያይዞ እንዲሰጥ እንዲያስገድድ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በመጀመሪያው መስመር በትልቅ ፊደል «ይህ ኤጀንት የሚሠራው ለሻጩ ነው» ወይም «ለእርስዎ ነው» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ይኑረው። ኦፕን ሃውስ ላይም ይኸው ገጽ ከስም መመዝገቢያው ፊት ይለጠፍ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ሕዝባዊ ስብሰባ አጀንዳ ከተያዘ የአማርኛውን ረቂቅ ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በዲሲ አካባቢ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ የሪል ስቴት ኤጀንቶች