የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኤሌክትሮን በሚዛን

ክበባችን በሰልፍ ሰዓት ድራማም መነባንብም አያቀርብም። «እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ?» ለሚሉን መልሱ ይኸውና፤ ዘንድሮ የአንድ ኤሌክትሮንን ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ስንለካ ከረምን። ምዝገባውና የኮሚቴ ምርጫው እንደወትሮው አልፏል።

ሥራው እንዲህ ነው። 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟና 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ዝርግ ቁራጮች ይነከሩበታል። የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ ሪዮስታት (ከረንት ማስተካከያ) እና አሚተር (ከረንት መለኪያ) በተከታታይ ይያያዛሉ። 0.5 አምፔር ለ30 ደቂቃ ሲሄድ 900 ኩሎምብ (ኩሎምብ የቻርጅ መለኪያ ነው) ያልፋል፤ በኔጌቲቩ ቁራጭ ላይም 0.296 ግራም ያህል መዳብ ይለጠፋል። እያንዳንዱ የመዳብ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚወስድ፣ የቀረው የተለጠፈው መዳብ ስንት አቶም እንደሆነ በአቮጋድሮ ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ባለው የአቶም ብዛት) አስልቶ፣ 900 ኩሎምቡን ለኤሌክትሮኖቹ ብዛት ማካፈል ነው፤ መልሱ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ መምጣት አለበት። በጣት የተነካ መዳብ ቅባት ይዞ አዲሱን አያስይዝም። ከረንቱ ከበዛም የተለጠፈው እንደ ዱቄት ሆኖ ሲታጠብ ይረግፋል።

የእኛ ውጤት ግን ተዛብቷል። የቤተ ሙከራው ሚዛን የሚያነበው እስከ 0.1 ግራም ብቻ ነው፤ ከ0.3 ግራም ላይ 0.1 መሳት ሲሶውን መሳት ነው። ለ3 ሰዓት ቢሄድ 1.8 ግራም ያህል ይገኝ ነበር፤ ለክበብ የተፈቀደው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ለኳስ ማልያ የሚገኝ ገንዘብ ለሚዛን የሚጠፋበት ምክንያት አይገባንም።

ደሴ ፒያሳ ወደሚገኝ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ያደረግነው ጉብኝት ግን ሁሉንም አስረስቶናል። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥለው ከቱቦው ጀርባ ወደ ስክሪኑ በሚወረወር ጨረር ነው። ባለሙያው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከፈቱልን፤ ባለቀለሙ በማግኔት ከተነካ ቀለሙ ተበላሽቶ ይቀራል ብለው ነው። ከድምፅ ማጉያ የወጣውን ማግኔት ሰሜን ዋልታ በኮምፓስ ለየን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግራ እጇን ዘርግታ (ማግኔት ከረንትን ወዴት እንደሚገፋ በግራ እጅ ጣቶች ይለያል) ጣቶቿን ስታስተካክል ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ሰሜኑን ወደ ታች አድርገው ከላይ ያስጠጉት። ወደ እኛ የሚመጣው ኔጌቲቭ ከሆነ ምስሉ ወደ ግራችን ይጎተታል፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ቀኝ» አለች። ወደ ግራ ተጎተተ። ማግኔቱን ገልብጡልን አለች፤ ወደ ቀኝ ሄደ። የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 የካቶድ ጨረርን (በቱቦ ውስጥ የሚወረወሩትን ኤሌክትሮኖች) በማግኔትና በኤሌክትሪክ መስክ እያጠፈ ያጠናው ይህንኑ ነበር።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ነው። ቤታችሁ የተጣለ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ካለም አምጡልን። ጀርባውን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ይችላል።