በቤት ብድር ውል ላይ ስለሚታዩት ሁለት መቶኛዎች

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የብድር ውል ይዛችሁ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ፦ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ መቶኛዎች የሰፈሩት ለምንድን ነው? አንደኛው የወለድ ምጣኔ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው፣ ዓመታዊ የመቶኛ ምጣኔ ይባላል። የወለድ ምጣኔው በቀሪ ዕዳችሁ ላይ የሚታሰበውን ወለድ ብቻ ያመለክታል። ዓመታዊው ምጣኔ ግን ብድሩን ለማግኘት ለአበዳሪው የምትከፍሉትን የአገልግሎት ክፍያና መሰል ወጪዎች ጭምር ይዞ ይታሰባል።

ብድሩ 100,000 ነው እንበል፤ የገንዘቡን ዓይነት እናንተ ሙሉበት። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 30 ዓመት ይሁን። የወሩ ወለድ 0.5 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው ደግሞ 599.55 ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 500 ያህሉ ለወለድ ይውላል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 99.55 ብቻ ነው። ይህን አይተው የሚደነግጡ ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን ተንኮል የለበትም፣ ዕዳው ገና ሙሉ ስለሆነ ነው።

አሁን አበዳሪው ገንዘቡን ሲሰጥ 3,000 የአገልግሎት ክፍያ ቀንሶ ያስቀር። እጃችሁ የገባው 97,000 ነው፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ 97,000 ተቀብሎ ለ360 ወራት 599.55 የሚከፍል ሰው ወለዱ ስንት በመቶ ደረሰ? 6.29 ገደማ፤ ዓመታዊ የመቶኛ ምጣኔ የምንለው ይኸው ነው። ይህን ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ቀመር የለም። ኮምፒውተሩ የክፍያዎቹ ሁሉ የዛሬ ዋጋ (ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ ወለዱ ተቀንሶለት ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ) ከ97,000 ጋር እስኪተካከል ድረስ ምጣኔውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይፈልገዋል።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ነገር ግን ሌላ ነው። 6.29 የተገኘው ብድሩን 30 ዓመት ሙሉ ትከፍላላችሁ ተብሎ ነው። ቤቱን ሸጣችሁ ወይም ብድሩን በሌላ ብድር ተክታችሁ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ብትዘጉትስ? 3,000ው ለ30 ዓመት መከፋፈሉ ቀርቶ በአምስት ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ትክክለኛው ወጪያችሁም 6.73 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሌላ አበዳሪ ያለ ምንም የአገልግሎት ክፍያ በ6.4 በመቶ ቢያቀርብላችሁ፣ በወረቀት ላይ ውድ የሚመስለው የእሱ ብድር ነው። አምስት ዓመት ብቻ ለሚቆይ ሰው ግን የሚረክሰው እሱ ነው። በእኛ እምነት፣ ስንት ዓመት ልትቆዩበት እንዳሰባችሁ ሳታውቁ ሁለት ዓመታዊ ምጣኔዎችን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዓመታዊው ምጣኔ የሚሰላው የገበያው ወለድ ዛሬ ካለበት አይነቃነቅም ተብሎ ስለሆነ፣ የነገውን ክፍያችሁን አይነግራችሁም።

አቆጣጠሩም በየአገሩ ይለያያል። በ1968 እ.ኤ.አ. ምጣኔውን ለተበዳሪ መግለጽን ግዴታ ያደረገችው አሜሪካ፣ የወሩን ምጣኔ በ12 ታባዛለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ወለዱ በየወሩ እየተደራረበ እንደሚሄድ አድርጎ ያሰላዋል። ከላይ 6.29 ያልነው ብድር በአውሮፓው ስሌት 6.47 ገደማ ይሆናል፤ ብድሩ ግን ያው ነው። በስሌቱ ውስጥ የሚገቡት ወጪዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ለምሳሌ የቤት ግምት ክፍያ አንዱ ዘንድ ይታሰባል፣ ሌላው ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ አበዳሪውን «የትኞቹ ክፍያዎች ገብተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ውላችሁን ይዛችሁ ስትመጡ፣ በእጃችሁ የሚገባውን የተጣራ ገንዘብ፣ ወርሃዊ ክፍያውን እና ብድሩን ስንት ዓመት ልትይዙት እንዳሰባችሁ ጻፉልን። የዓመታቱ ብዛት በግምት ቢሆንም ይበቃናል፤ በዚያ ላይ ተመሥርተን እናሰላላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የብድር ምክር አገልግሎት