ከበሩ ውጭ የሚጸልዩልን ሰዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የካቶሊክ ምእመን ነኝ። በአገራችን ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳን አንሞላም። ስለዚህ «ይሄ የእነሱ የቤት ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ግን ነዳያን በሩ ላይ የማይቀመጡበት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አላየሁም፤ የማንኛችንም ቢሆን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ከስብከቱ በኋላ የምእመናን ጸሎት ይነበባል። አንባቢው «ስለ ድሆችና ስለ ተቸገሩ ወገኖቻችን» ይላል፤ እኛ «ጌታ ሆይ ስማን» እንላለን። እኔም ስንት ዓመት ከልቤ ብያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚጸለይላቸው ሰዎች ግን ከእኛ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ርቀው፣ ከበሩ ውጭ ተቀምጠው፣ ስለ ራሳቸው የሚባለውን በድምፅ ማጉያ ይሰሙ ነበር። ይሄ እስከ አምና ድረስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ እናት አሉ። ከበሩ ምሰሶ ሥር ድንጋይ ላይ ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ነጠላቸው ጥለቱ አልቋል። መቁጠሪያቸው አንድ ቦታ ተበጥሶ በቀይ የሹራብ ክር ተቀጥሏል። ሦስት ዓመት ያህል አምስት ብር፣ ሲኖረኝ አሥር ብር እየሰጠሁ አልፋቸው ነበር። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። አምና እናቴ ታማ ስትተኛብኝ ፊቴን አይተው «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉ። ወለተ ማርያም አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ወለተ ማርያም እንዴት አደረች?» ነው። እናቴ አላገገመችም፤ አረፈች። ለቅሶው ካለፈ በኋላ የቅርብ ዘመድ እንኳ ወደየጉዳዩ ሲሄድ፣ አንድ ጠዋት እኚህ እናት እጄን ያዝ አድርገው «አርባዋ ነገ አይደል?» አሉኝ። በመቁጠሪያቸው ሲቆጥሩ ከርመዋል። እኔ በየሳምንቱ «ስለ ድሆች» እያልኩ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም፤ እሳቸው ግን እናቴን በስሟ እየጠሩ አርባ ቀን ጸለዩላት።

ለምን ገብተው እንደማያስቀድሱ ጠየቅኳቸው። ልብሴ ያሳፍረኛል አሉ። ፌስታላቸውን ይዘው እንዳይገቡ ዘበኛው መልሷቸው ያውቃል። ደግሞ ተነስተው ከገቡ ሌላ ሰው ቦታቸውን ይይዘዋል፤ ያ ቦታ ደግሞ የቤት ኪራያቸው ነው። ዘበኛውን አልወቅሰውም። ሥርዓት አስጠብቅ የተባለ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ጉዳይ ቀን ቆርጣለች። ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳታችን አቡነ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 የድሆች ቀን በዓለም ዙሪያ እንዲከበር ወሰኑ፤ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ተከበረ። በዚያ ቀን በቫቲካን አዳራሽ ከ1,000 በላይ ድሆች ለምሳ ሲቀመጡ እሳቸውም አብረዋቸው በልተዋል። አምና እኛ ጋ ቀኑ ሲከበር ግን ነዳያኑ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ጠበቁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። እኛ ሽርጥ አሰርን፣ ወጥ ጨለፍን፣ ፎቶ ተነሳን። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ የደከሙበትን እናቶችና ወጣቶች እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ከእኛ መሀል አንድም ሰው አብሯቸው አልበላም። እኔም አልበላሁም።

ስለ አንድ ካህን ላንሳ፤ ስማቸውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አባ ጆሴፍ ቭሬሲንስኪ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ አንዤ ከተማ በከፋ ድህነት ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው ደናግል ገዳም ሄደው ቅዳሴ እያገለገሉ በሚያገኟት ሳንቲም እናታቸውን ይረዱ ነበር። በ1956 ከፓሪስ ወጣ ብሎ ኑዋዚ ለ ግራን ወደሚባል መጠለያ ሄዱ፤ ጭቃ መሀል 252 ቤተሰብ የሰፈረበት። በጎ አድራጊዎች ሾርባና አሮጌ ልብስ ያድሉ ነበር። እሳቸው ይሄን የሾርባ ሰልፍ አስቀሩት። በምትኩ ከነዋሪው ጋር ሆነው ቤተ መጻሕፍት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ጸሎት ቤት ከፈቱ። ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሰማው ከልጅነታቸው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1987 ፓሪስ ትሮካዴሮ አደባባይ ላይ 100,000 ሰው ሰብስበው የከፋ ድህነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው የሚል ድንጋይ አስቀመጡ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ለዓለም ሁሉ አደረገው። ከእንዲያ ያለ ድህነት የተነሳ ልጅ ነው ይሄን ያደረገው። እና እኛ ከበራችን ላይ ማንን እያለፍን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

«ችግረኛ የሚፈልገው እንጀራ እንጂ ጸሎት አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው፣ እንጀራውም ኪራዩም መድኃኒቱም ያስፈልጋል፤ ምጽዋት ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ጸሎት ቤት የገባ ሰው ከመስቀሉ ጎን ግድግዳው ላይ «ተጠማሁ» የሚል ቃል ያያል። እኅቶቹ እዚያ ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ ከዚያ ተነስተው የታመመ ሰው ያጥባሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይንበረከካሉ። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

በቅዳሴያችን ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ የሚልበት ሰዓት አለ። ወደ ቀኝ ዞረን እጅ እንነሳለን፣ ወደ ግራ ዞረን እጅ እንነሳለን። ወደ በሩ የሚዞር የለም። እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ኅዳር ሳይገባ ይሄን ደብዳቤ አውጡልኝ፤ የየቁምስናው፣ ማለትም የየአጥቢያው፣ ምክር ቤት አባላት እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ነዳያኑ ገብተው ከፊት ወንበር ይቀመጡ። የምእመናኑን ጸሎት ከእነሱ አንዱ ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለ በቃሉ ይበል። ምሳውን አንድ ገበታ ላይ አብረን እንብላ። ፎቶው ይቅር።

ባለፈው እሑድ ለእኚያ እናት ይሄንኑ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ ግን መልሰው «ቦታዬን ማን ይጠብቅልኛል?» አሉኝ። ልጄ የዚያን ቀን ቅዳሴው እስኪያልቅ ድንጋያቸው ላይ ልቀመጥ ብሏል። በዚያ በር ላይ ሌሎች ስድስት ሰዎች አሉ። ስድስት ሰው እፈልጋለሁ።

አንድ ምእመን
ከአዲስ አበባ