ሞተሩን የገደለው ኢታኖሉ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን «ኢ85 የሚባለው ነዳጅ ሞተር ገዳይ ነው፣ አትንኩት» ብሎ የጻፈውን አነበብኩ (ኢ85 ማለት አብዛኛው ኢታኖል፣ ቀሪው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ ነው)። ከእሱ ዝቅ ብሎ ሌላው ደግሞ «እኔ ዓመት ሙሉ ቀድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ርካሽ ነው» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት። ግን የያዙት መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ አንዳቸውም አልነገሩንም፣ ዋናው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። አየር ማረፊያ ታክሲ ስነዳ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ልጅ ሆኜም አዲስ አበባ የአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ሳቀብል ነው ያደግኩት። እና ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ላፍታታው። ኢታኖል ሌላ ጉድ አይደለም፤ እናቶቻችን ጠንስሰው የሚያወጡት አረቄ ውስጥ ያለው ያው አልኮል ነው። እዚህ ከበቆሎ ይወጣል፣ ሚኒሶታ ደግሞ የበቆሎ አገር ናት፣ ስለዚህ ኢ85 የሚሸጥ ማደያ እንደ ልብ ነው። ተራው ቤንዚን ራሱ (እዚህ ጋዝ ይሉታል፣ የእኔ አፍ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ብሏል) አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። እሱን ዛሬ መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ይችለዋል። ኢ85 ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር አይለወጥም፣ ስለዚህ ኢ85 ሲገባ ኢንጀክተሩ ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮ መርጨት አለበት ማለት ነው። ካልጨመረ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ያንሳል። ከዚያ ጉልበት ይጠፋል፣ በርትተህ ስትጭነው ደግሞ ሙቀቱ ፒስተን ጋ ይደርሳል።

የተራ መኪና ኮምፒውተር ጭሱን በኦክስጅን ሴንሰር እያየ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይችላል። ግን ልክ አለው። ልኩ ሲያልቅ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ መመርመሪያ ሲሰካበት ፒ0171 ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ «ነዳጅ አነሰኝ» ነው። ያኔ አንዳንዱ ሰው መብራቱን አስጠፍቶ መንዳቱን ይቀጥላል፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ ሞተርም እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም የሄደው። «ምንም አልሆንኩም» ያለው ደግሞ ሳያውቀው ፍሌክስ ፊውል መኪና፣ ማለትም ቤንዚንም ኢ85ም ቅልቅላቸውንም እንዲችል ፋብሪካ የሠራውን፣ ይዞ ይሆናል።

ይህ የማይመስል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ሳላውቅ ነው የያዝኩት። ዶጅ ግራንድ ካራቫኔን ከሰው እጅ ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ ቤንዚን ስቀዳ የነዳጅ ክዳኑ ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ቢጫው የፍሌክስ ፊውል ምልክት መሆኑን አንድ ቀን ወረፋ ላይ ከኋላዬ የቆመ ሶማሌ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ፍሌክስ ፊውል መኪና በብዛት ያወጡት ሕዝቡ ስለጠየቃቸው አይደለም፤ መንግሥት በነዳጅ ቁጠባ ሂሳብ ላይ ነጥብ ስለሚሰጣቸው ነበር። ነጥቡ ሲቀንስ የሞዴሎቹም ቁጥር ቀነሰ። በዚህ ምክንያት ስንትና ስንት ሰው ኢምፓላውንና ካራቫኑን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነድቶ ሸጦታል።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ልጁ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) ያለው ሱባሩ ገዛ። ተርቦና ኢታኖል ይዋደዳሉ፣ ይህ እውነት ነው። ኢታኖል ሲተን ሙቀት ይስባል፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፣ በግፊት ብዛት ያለጊዜው በቀላሉ አይፈነዳም፤ ስለዚህ ካንዴላው ቀደም ብሎ እንዲተኩስ፣ ተርቦውም በርትቶ እንዲነፋ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ ፓምፕና ትልልቅ ኢንጀክተር ገጠመለትና ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ማስተካከያ፣ ማለትም የሚረጨውን ነዳጅና የካንዴላውን ሰዓት የሚወስን ፕሮግራም፣ ጫነለት። አንዱ ለቤንዚን፣ አንዱ ለኢ85። «ነዳጅ ስትቀይር ይህችን ቁልፍ ትጫናለህ፣ በቃ» አሉት። ገንዘቡን ተቀብለው ሸኙት።

እኔ ያኔውኑ አልጣመኝም። «አንተ ልጅ፣ ሰርባቶው እኮ ባዶ ሆኖ አያውቅም» አልኩት። ሳቀብኝ። «አጎቴ፣ አንተ የላዳ ዘመን ሰው ነህ» አለኝ። እሺ፣ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ተነሳን፣ እሱ በሱባሩ፣ እኔ ከባለቤቴና ከልጆቹ ጋር በካራቫን። ኦሃዮ ስንደርስ እሱ ሰርባቶው ግማሽ ሆኖ፣ ከአውራ ጎዳናው ብዙ ሳይርቅ ኢ85 ፈልጎ አጣ። መድረስ አለብን፣ ልጆች ይርባቸዋል፣ ግማሹን በቤንዚን ሞላው። እንግዲህ ቁልፉን የት ላይ ያድርገው? ውስጡ ያለው ቤንዚንም አይደለም፣ ኢ85ም አይደለም፣ ለእሱ የተሠራ ማስተካከያ የለም። አሰበና «ግማሹ ኢታኖል ነው» ብሎ ኢ85 ላይ ተወው። ፔንሲልቫኒያ ተራራው ላይ ስንወጣ ካንዴላው ለኢታኖል እንደተሰጠው ጊዜ ቀደም ብሎ ይተኩሳል፣ ነዳጁ ግን ያን ያህል አይታገስም። ሞተሩ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መንጣጣት ጀመረ። ልጁ ሙዚቃ ከፍቶ አልሰማም። ሲሰማው ሰማያዊ ጭስ በመስታወት እየታየው ነበር። አንዱ ፒስተን የቀለበቱ ማረፊያ ላይ ተሰብሯል። መኪናዋን በጭነት መልሰን፣ እሱ ሁለት ልጆች ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዋሽንግተን ገባ (ፖሊስ አላየንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን)።

ጋራዡን ስንጠይቅ «ቁልፉን በትክክል አልተጠቀመም» አሉን። የትኛው ነበር ትክክለኛው? መልስ የለም።

ቤንዚንና ኢ85ን እያፈራረቀ እንዲሄድ የሚፈለግ መኪና ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ራሱ ማወቅ አለበት። ለዚህ ሴንሰር አለ። የነዳጅ መስመሩ ላይ ይገጠማል፣ ነዳጁ በውስጡ ያልፋል፣ የኤሌክትሪክ ባህሪውን አይቶ ስንት በመቶ ኢታኖል እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት የሚልከው ምልክት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምት) ከሆነ ኢታኖል የለም፣ 150 ከሆነ ንጹሕ ኢታኖል ነው፣ 97 ከሆነ 47 በመቶ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነው። አስተካካዩ ሁለቱን ጫፍ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ በመሃል ያለውን በሴንሰሩ ልክ ያመጣጥናል፤ የሚረጨውን መጠንም፣ የካንዴላውን ሰዓትም፣ የተርቦውን ግፊትም፣ ጠዋት ሲነሳ የሚሰጠውንም። የሚጫኑት ቁልፍ የለም። የልጁ ሞተር ዳግመኛ ሲሠራ ሴንሰሩም ተገጠመለት፣ ዋጋው ለሞተሩ ካወጣው አንድ አስረኛ አልደረሰም። ደግሞ ሕጉን አትርሱ፤ በፌዴራል ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚነካ ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ለኢ85 መቀየሪያ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች ፈቃድ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ይህን ለልጁ ስነግረው ጣሪያ ጣሪያ አየ።

«ሴንሰር ለምን፣ ሁልጊዜ ኢ85 ብቻ እቀዳለሁ» የሚል ይኖራል። እሱም አያዋጣም። ስሙ ኢ85 ቢሆንም ውስጡ ያለው ኢታኖል እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ይለያያል። ኢታኖል በብርድ በቀላሉ አይተንም፣ ጥር ላይ ሚኒሶታ ሞተር ለማስነሳት ቤንዚኑ መብዛት አለበት፣ ስለዚህ በብርዱ ወራት ኢታኖሉን ይቀንሱታል። ማደያው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አይለወጥም። ብራዚሎች ይህን በሌላ መንገድ ነው የተወጡት። ከ1979 ጀምሮ በኢታኖል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ሲያወጡ ጠዋት ለማስነሻ ብቻ የምትሆን ትንሽ የቤንዚን ታንክ አጠገቡ አደረጉ። በ2003 ሁለቱንም በፈለጉት ልክ ቀላቅሎ የሚጠጣ ቮልስዋገን ጎል ወጣ፣ ዛሬ እዚያ አብዛኛው አዲስ የቤት መኪና እንዲያ ነው። ሾፌሩ ማደያ ሲደርስ ዋጋውን አይቶ ይመርጣል።

ስለ ዋጋ ካነሳን፣ ወንድሞቼ ሾፌሮች፣ «ርካሽ ነው» የምትሉት ላይ እስክሪብቶ አንሱ። ኢ85 በጋሎን የሚያስኬደው ርቀት ከ15 እስከ 27 በመቶ ያንሳል። የእኔ ካራቫን በቤንዚን በጋሎን 20 ማይል ከሄደ በኢ85 15 ይሄዳል። ለምሳሌ ቤንዚን 3 ዶላር ከ20 ሆኖ ኢ85 2 ዶላር ከ40 ቢሆን፣ ሁለቱም በማይል 16 ሳንቲም ነው የሚወጣው። እኩል ነው። 2 ዶላር ከ60 ከሆነ እየከሰርክ ነው፣ ማደያ የምትመላለስበት ሰዓት ሳይቆጠር። እኔ ልዩነቱ ከሩብ በላይ ሲሆን ብቻ ነው የምቀዳው። ሌላም አለ፤ እንደ እኔ ካራቫን ፋብሪካ የሠራው ፍሌክስ ፊውል መኪና ሁሉ ሴንሰር አለው ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ኢታኖሉን የሚገምተው ከጭሱ ነው፣ ነዳጅ ስትቀይሩለት ጥቂት ማይል እስኪነዳ ይደናገራል። ስለዚህ ሞልታችሁ ወዲያው አታቁሙት። መጀመሪያ ትንሽ ንዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ይህን ሁሉ ስነግረው ደነገጠና «ታዲያ እኛም አገር ቀላቅለው ነበር እኮ፣ መኪናዬን በልቶብኝ ይሆን?» አለኝ። እውነት ነው፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያወጣው ኢታኖል በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሸጧል (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ያን ጊዜ ብዙ ባለታክሲ አማርሯል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተር ያላት ላዳ የካርቡሬተሯ ቀዳዳ ካልተስተካከለ እዚያ ከፍታ ላይ ቤንዚን ይበዛባታል። 10 በመቶ ኢታኖል ያችኑ ትርፍ ትንሽ ቢያሳሳላት እንጂ ሞተር አያቃጥልባትም። ያስቸገራቸው ሌላ ይመስለኛል፤ አልኮል የዓመታት ቆሻሻ ከሰርባቶው ግድግዳ አጥቦ ወደ ፊልትሮ ይልከዋል፣ ያረጀ ጎማ ያበላሻል፣ ውሃ ይስባል። ፊልትሮ ቀይሮ የሰርባቶውን ታች ያጠበ ሰው ከግማሽ በላይ ችግሩን ይገላግላል። ለአጎቴ ልጅም ይህንኑ አልኩት። ኢንጀክተር ያላት ቪትዝ ነው የያዘው፣ ምንም አልሆነችም።

የቀዳችሁት ውስጥ ስንት ኢታኖል እንዳለ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ቀላል መንገድ አለ። ምልክት ያለው ጠባብ የመስታወት ብልቃጥ ግዙ። እስከ ታችኛው መስመር ውሃ፣ ከዚያ እስከ ላይ ነዳጅ ጨምሩ፣ ክደኑና በደንብ ናጡ፣ አስቀምጡት። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ታች ያለው ውሃ ያደገ ይመስላል፣ ያደገበትን መስመር ታነባላችሁ። በእሳት አጠገብና ሲጋራ በሚጨስበት ብቻ አትሞክሩት። የእኔ ብልቃጥ ከካራቫኑ አትለይም፤ አየር ማረፊያው ወረፋ ላይ ይዣት ስወርድ ሾፌሮቹ «ላቦራቶሪው መጣ» ይሉኛል፣ ከዚያ አንድ ሁለቱ ደበቅ ብለው «ጋሼ፣ የእኔንም እያት» ይላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ