በጀልባ ላይ ለሚያገለግለው የከሰል መጥበሻ ስለሚመረጠው ማገዶ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ተንቀሳቃሹን የከሰል መጥበሻ ገዝታችሁ በጀልባ ላይ የምትገለገሉበት ደንበኞች ስለ ማገዶው ስትጠይቁን «ደረቅ ከሆነ የትኛውም ከሰል ይሆናል» የሚል አጭር መልስ ስንሰጥ ቆይተናል። ይህ መልስ ለግቢ ቢበቃም ለጀልባ የማይበቃ ሆኖ ስላገኘነው፣ ጉዳዩን በዚህ ደብዳቤ ዘርዘር አድርገን ለማስረዳት ወደናል።

በየብስ ላይ ከሰል የሚመረጠው በአብዛኛው በሙቀቱ ነው። በጀልባ ላይ ግን ከሙቀቱ በፊት መታየት ያለበት ፍንጣሪ መርጨት አለመርጨቱና ምግቡ ከበሰለ በኋላ ፍሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ሸራው፣ ገመዱ፣ የመቀመጫው ስፖንጅና የፋይበርግላሱ አካል ራሱ የሚቃጠሉ በመሆናቸው፣ መሬት ላይ ወድቃ የምትከስም አንዲት ፍንጣሪ እዚህ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች።

የተለመደው የእንጨት ከሰል ቶሎ ይያያዛል፣ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፣ አመዱም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እየተንጣጣ ፍንጣሪ ይረጫል፣ እርጥበት ያገኘው እንደሆነም ይብስበታል። የከሰል ዱቄት ከስታርች ጋር ተጨምቆ የሚሠራው ብሪኬት ለመቀጣጠል ቢዘገይም ከተያያዘ በኋላ ወጥ የሆነ ሙቀት ይሰጣል፤ አመዱ ግን ብዙ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ያስቸግራል። እኛ የምንመርጠው ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራውን ብሪኬት ነው፤ ጠጣር በመሆኑ ረጅም ጊዜ ይነዳል፣ ፍንጣሪውም አመዱም አነስተኛ ነው። ጉድለቱ ከዚሁ ጥንካሬው የሚመነጭ ነው፤ ፍሙ ቶሎ አይሞትምና ለአንድ ምግብ ከሚበቃው በላይ እንዳትጨምሩ እንመክራለን።

ማቀጣጠያውን በተመለከተ አቋማችን ጥብቅ ነው። ቤንዚን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ፈሳሽ ማቀጣጠያም ሆነ በፋብሪካ እንዲህ ያለ ፈሳሽ የተነከረ ከሰል ወደ ጀልባ ባይገባ ይሻላል። የነዳጅ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ወለል ሥር ወርዶ ይጠራቀማል፣ እዚያም የሞተሩ ወይም የባትሪው ብልጭታ ሊያገኘው ይችላል። በሰም የተነከረ የእንጨት ፍቅፋቂ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የኢታኖል ጄል የምትጠቀሙ ከሆነ ነበልባሉ በቀን ብርሃን እምብዛም እንደማይታይ አስታውሱ፤ የጠፋ መስሏችሁ በላዩ ጄል አትጨምሩ።

ውኃ የተፋውን እንጨት ለቅሞ ማንደድ የሚያጓጓ መሆኑን እናውቃለን (ከእኛም መካከል ያልሞከረ የለም)፤ ሆኖም የባሕር ጨው የጠጣ እንጨት ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ለምግብ አይሆንም። ቀለም የተቀባ ወይም በመድኃኒት የታከመ ጣውላም እንደዚያው ነው።

ከሰል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በዓለም አቀፉ የባሕር አደገኛ ጭነቶች ደንብ ከሰል ክፍል 4.2 በሚባለው፣ ማለትም በራሳቸው ሊግሉ ከሚችሉ ነገሮች ምድብ ውስጥ መግባቱን ስናስብ፣ ከሞተሩ ክፍል እንድታርቁት የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛውንም ከሰል ብትመርጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ መጥበሻው በካቢን ውስጥ ወይም ዙሪያው በተጋረደ ሸራ ሥር ሊነድ አይገባም። ጭስ የማያወጣ፣ አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን ስለማያቆም፣ ዝናብ መጣ ተብሎ መጥበሻውን ወደ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። በጋለው ፍም ላይ ውኃ ማፍሰስ የሚያቃጥል እንፋሎትና አመድ ያስነሳል፤ ክዳኑንና የአየር ማስገቢያውን ዘግታችሁ ይክሰም፤ አመዱንም በማግስቱ፣ መቀዝቀዙን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ገልብጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል