ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ ስለ ውሃ በርሜሎቻችን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ከተማችን በ2006 ዓ.ም. በደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በችኩንጉንያ ተመትታለች። በችኩንጉንያው ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ትኩሳቱ በሳምንቱ ቢለቃቸውም የእጃቸው መገጣጠሚያ ለወራት አልታዘዝ ብሏቸው፣ ጀበና ማንሳት ተስኗቸው ቡናውን የምትቀዳላቸው ልጃቸው ነበረች።

ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕቲ የተባለችው ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ቀን ቀን ስለሆነ፣ ማታ የምንዘረጋው አጎበር ብቻውን አያድነንም። የምትራባውም በየጓዳችን ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ እና ጎሚስታዎች ደጅ በተከመረ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የራሴን በርሜል ከፍቼ ጎኑን መታ መታ ሳደርገው፣ ከላይ ተንሳፍፈው የነበሩ የትንኝ እጮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ሰመጡ፤ ደነገጥሁ፣ ምክንያቱም ከዚያው ውሃ ጠዋት ፊቴን ታጥቤበታለሁ። እንቁላሎቹ ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ ደርቀውም ለወራት መቆየት ስለሚችሉ፣ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳው መፈግፈግ አለበት።

በወረርሽኝ ጊዜ የሚነፋው የኬሚካል ጭስ የሚበሩትን ትንኞች ይገድላል፤ በበርሜሉ ያሉት እጮች ግን በሳምንት በአስር ቀን አድገው ስለሚወጡ፣ ከጭሱ በፊት ልታስቡበት የሚገባው በርሜሉ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ከተማ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝም በዚሁ በተጠራቀመ ውሃ ስለምትራባ፣ ድካሙ ለወባም ይተርፋል። ጤና ጣቢያዎችም ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ነው ብለው እንዳይሸኙ፣ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥም የመድማት አደጋን የሚያባብሱትን አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳይሰጡ፣ በመድኃኒት ቤቶችም ይኸው እንዲታወቅ አደራ እላለሁ።

ዋናው ልመናዬ ግን ስለ ውሃ ፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በርሜላችሁን እጠቡ ሲባል ሰው የማይታዘዘው ንቀት ይዞት አይደለም፤ ውሃው መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ያለውን መድፋት ይፈራል። ስለዚህ ከውሃ አቅራቢው መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግራችሁ የየቀበሌው የውሃ ቀን አስቀድሞ እንዲነገረን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በዚያው ዋዜማ ቤት ለቤት እንዲዞሩ፣ አቅም ለሌላቸውም ገጥሞ የሚዘጋ ክዳን እንዲታደል እጠይቃለሁ። ቀኑ ከታወቀልን መፈግፈጉ የእኛ ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ