የተፈጥሮ ክበብ፦ በትሪ ያደረው ውሃ

ዘንድሮ ችግኝ ተክለናል፣ ግቢ አጽድተናል፣ እሱን በዚሁ ልለፈው። ማውራት የምፈልገው ኅዳር ላይ ስላየነው ፊልም ነው።

በዓለም ዙሪያ ስላለው ውሃና በረዶ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው። መስኮቱን በጋቢ ሸፍነን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን አየነው። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ግን ማንም ከቦታው አልተነሳም። የአንታርክቲካ በረዶ ውፍረቱ በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሲባል "እንዴ!" ያላለ የለም። ለደብረ ብርሃን ልጅ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ የሚያየውን ውርጭ ይለዋል እንጂ በረዶ አይለውም።

ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ውሃ ያለበት ትሪ ውጪ አሳደሩ። ጠዋት እጃቸው ቀልቶ ይዘውት መጡ። ላዩ እንደ መስታወት ስስ በረዶ ይዟል፣ ጠርዙ ላይ ላባ የመሰለ መስመር አለው። አንዷ ቁራጩን በጣቷ ስትጫነው ሰመጠና ተመልሶ ብቅ አለ። "ቲቸር፣ ቅቤ ሲነጠር እኮ ያልቀለጠው ታች ነው የሚቀመጠው። በረዶ ለምን ይንሳፈፋል?"

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ! ብዙ ነገር ሲረጋ ይኮማተራል፤ ውሃ ግን ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ስለሚደረደሩ መጠኑ በ9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህም ይቀላል። ሐይቅና ባሕር ከላይ ጀምሮ የሚረጋው፣ ከስሩም ዓሣው በሕይወት የሚከርመው ለዚህ ነው። ያኔ ልጆቹ ፊልሙ ላይ ያዩዋትን፣ በጥርሷ በረዶ እየፋቀች መተንፈሻ ቀዳዳ የምትከፍተውን የባሕር እንስሳ፣ አቆስጣን አስታወሱ። (ዲያቆን የሆነ ተማሪያችን "ኦሪት ዘጸአት ላይ ቆዳዋ ተጠቅሷል" ብሎ ሁላችንንም አስደነቀን።)

አንድ ልጅ ግን ዝም ብሎ ትሪውን ያይ ነበር። ለካ የአባቱን ባቄላ ውርጭ መቶታል። "ቅጠሉ ውስጥም ውሃው እንዲህ ረግቶ ነው?" አለኝ። አዎ፣ ቅጠሉ ውስጥ በረዶ ሲሠራ ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የተቃጠለ መስሎ ይጠቁራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውርጭ የወረደበትን ጠዋት ሁሉ፣ የማታውን ሰማይና ነፋስ ጭምር፣ በደብተር ይመዘግብ ጀመር። ደመና የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ስለሚይዝ ውርጭ የሚበረታው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነበረባቸው ሌሊቶች ነው፤ እኔ ሳልነግረው ከራሱ ደብተር አነበበው። አሁን ማታ ማታ ሰማዩን አይቶ ለአባቱ ይነግራቸዋል።

ደብተሩ የክበቡ መደርደሪያ ላይ አለ። መስከረም ላይ አዲስ ገጽ እንከፍታለን፣ መመዝገብ የሚፈልግ ይምጣ።